አካቶ ትምህርት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ

አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ ቀጠሮ ያለው ሰው ቀኑን የሚጀምረው ከታክሲ ረዳት ጋር በመከራከር ነው። «ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ» ሲሉት «የቱ ጋ?» ብሎ ያፋጥጣል። አይፈረድበትም። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሕንጻ ጉርድ ሾላ ነው፤ ሴንቸሪ ሞልም ጉርድ ሾላ ነው፤ የከተማ ባቡሩ እንኳ አንድ ፌርማታ አልበቃ ብሎት ጉርድ ሾላ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ብሎ ከፍሎታል። ለትምህርት ቤታችን የመጣው ደብዳቤ ግን ይህን ሁሉ ከቁብ ሳይቆጥር «ጉርድ ሾላ በሚገኘው የሥልጠና አዳራሽ ከጠዋቱ 2፡30 እንድትገኙ» ብሎ ማኅተሙን ረገጠ። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ይጠይቅ ነው ነገሩ።

የሥልጠናው ርእስ «አካቶ ትምህርት» ነበር። ሁሉንም ዓይነት ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ማንንም ሳይጥሉ ማስተማር ማለት ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት የተመረጥነው አራት መምህራን ነን። መስፈርቱ ባይነገረንም መገመት አያቅትም። አንደኛው የታሪክ መምህራችን ናቸው፤ ዓይነ ስውር ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም ስለሚበልጡ ርእሰ መምህሩ ሳይቀር «ጋሼ» ይላቸዋል። ሁለተኛው የስፖርት መምህሩ ነው፤ በወጣትነቱ ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ግን ሩጫ የሚያስተምረው በፊሽካ ነው። ሦስተኛዋ የአፀደ ሕፃናት መምህርታችን ናት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፤ የምትተውለት ሰው ስላጣች አዝላው መጣች። አራተኛው እኔ ነኝ፣ የአማርኛ መምህሩ። የተላክሁት ሦስቱን እንድደግፍ ይመስለኛል። አበሉ ግን እኩል ነው።

አዳራሹን ፍለጋ ከፌዴሬሽኑ ወደ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ወደ ፌዴሬሽኑ ተመላለስን። የጠየቅነው ሰው ሁሉ በእጁ ነው የሚያመለክተው። «ያ መስታወቱ የሚያብረቀርቀው» ይላል። ጋሼ «መስታወቱ ምን ምን ይሸታል?» ብለው አንዱን ሊስትሮ አሳቁት። በመጨረሻ መንገዱን በትክክል የነገረችን አንዲት ቆሎ ሻጭ ናት። ዞር ብላ ጋሼን አየችና «አባቴ፣ የዳቦ ቤቱን ሽታ ሲያልፉ ብረት የሚቆርጡበት ጩኸት አለ፤ ከሱ ቀጥሎ በቀኝ በኩል» አለቻቸው። ጋሼ ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ነበር፤ ያስተማረችን ሴት ግን አበል አልተቆረጠላትም።

ሊፍቱ በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ከመቆየት ብዛት ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተጠቅልሏል። የስፖርት መምህሩ ጥበቃውን «አባባ፣ መቼ ነው የሚሠራው?» ቢላቸው «ልጄ፣ እኔ ስቀጠርም ለጊዜው ነበር» አሉት። አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

መውጣት ጀመርን። የስፖርት መምህሩ በየፎቁ ጉልበቱን ይዞ ያርፋል። ጋሼ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይሆንላቸውም፤ የታሪክ መምህር ናቸውና ዕረፍቱን በዓመተ ምሕረት ይሞሉታል። አንደኛው ፎቅ ላይ «1986፣ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ» አሉ፤ «አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለውም እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ ይማር ይላል።» ሁለተኛው ላይ «1998፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ» አሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ «2001፣ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624! አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መንቀሳቀሻ ይኑረው ብሏል።» አራተኛው ላይ ስንደርስ «2002፣ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችበት ዓመት ነው፤ የትምህርቱን ነገር አንቀጽ 24 ላይ ታገኙታላችሁ» አሉ። የስፖርት መምህሩ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይብቃ፤ ከዚህ በላይ ፎቅ የለም» አላቸው።

«ፎቁ አለቀ እንጂ ሕጉስ ገና ነው» አሉ።

አሠልጣኛችን ሱፍ የለበሱ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ አልናገርም። ስላይዳቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ከወደ ኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው። ስማቸውን፣ የአዳራሹን መጸዳጃ አቅጣጫና የሻይ ሰዓቱን ከነገሩን በኋላ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ስላይዱ ላይ እንደምታዩት...»

«እኔ አላየሁትም» አሉ ጋሼ በትሕትና።

አሠልጣኙ ደነገጡ። «ይቅርታ፣ እንደምትሰሙት ለማለት ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት የሌላ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር አንድ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም፤ ሁለተኛውም ይደክማል። እጃቸውን ደህናው ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምንድን ነው ያሉት?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ፤ አዳራሹ ሁሉ ግን ሰማቸው።

አሠልጣኙ ትንሽ አሰቡ፤ ቃል አጡ። «እንግዲህ... እንደሚታወቀው» ብለው ቀጠሉ።

ከሁሉ የሚያናድደው ስላይዱ ላይ ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ትምህርትን ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ የመንደፍ ሐሳብ የተወለደው ከሕንጻ ሙያ ነው። ሮን ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት በልጅነቱ በፖሊዮ ታሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር። ሕንጻ ሠርተው ሲያበቁ ለአካል ጉዳተኛ ብሎ በጓሮ በኩል መወጣጫ ከመቀጠል ይልቅ ከመነሻው ለሁሉም የሚሆን ንድፍ ይነደፍ ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተቋቋመው ካስት የሚባል ድርጅት ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ክፍል አስገባው። መጀመሪያ ሥራቸው ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ኮምፒውተር ማመቻቸት ነበር። ቆይተው ግን መታረም ያለበት ልጁ ሳይሆን መጽሐፉና አቀራረቡ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ተማሪው ለመማር የሚነሣሣበት፣ ትምህርቱ ወደሱ የሚደርስበት፣ ማወቁንም የሚያሳይበት መንገድ ከአንድ በላይ ይሁን። ግቡ አይቀነስም፤ መንገዱ ይበዛል።

ለአንዱ ተብሎ የተሠራ ለብዙ ሰው እንደሚተርፍ ለማየት ማሳቹሴትስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ላይ ጠርዙ ዝቅ ያለበት ቦታ ጥቂት ቆማችሁ ተመልከቱ። የታሰበው ለተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሲጠቀሙበት የምታዩት ግን ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ነው። ደረጃ ይሻለኛል ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

አሠልጣኛችን ይህን ሁሉ የነገሩን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በማንበብ ነው። እንዲህ ያለውን አስተማሪ የኔ ዘመን ሰዎች ጠንቅቀን እናውቀዋለን፤ የፕላዝማ ትውልድ ነና። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት ትምህርት የሚቀበል ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። የክፍሉ መምህር ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ ጥግ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ በተረፈችው ደቂቃ ያጠቃልላል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማን መልሶለት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እኛ ገና ጥያቄውን ደብተራችን ላይ እየገለበጥን ነው። መብራት የጠፋበት ትምህርት ቤት ያመለጠው ክፍለ ጊዜ አመለጠው፤ ሳተላይት ወደ ኋላ ተመልሶ አያስረዳም። የታሰበው ደግ ነበር፤ ጥሩ መምህር ያልደረሰው የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ይማር ነው። እኩልነቱስ ተሳካ፤ የአዲስ አበባውም የገጠሩም ልጅ እኩል ሳይገባን ቀረ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ አሠልጣኙ እንቅልፋችንን አይተው «መነቃቂያ» ብለው የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አመጡ። የማያውቀው የለም። የአክሱሙ ሕፃን ያሬድ ዳዊት አልያዝልህ አለው፤ አጎቱ መምህር ጌዴዎን ቢገርፉት ጠፍቶ ሄደ። መንገድ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ስትወጣ ስትወድቅ፣ ስትወጣ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ፍሬው ላይ ስትደርስ አየ። እሱም ተመለሰ፤ ሊቅ ሆነ።

«ስለዚህ ሰነፍ ተማሪ ተስፋ መቁረጥ የለበትም ማለት ነው» ብለው ደመደሙ አሠልጣኙ።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «ትሏ የተማረችውን ሰማን፤ ያሬድም የተማረውን ሰማን። መምህር ጌዴዎንስ ምን ተማሩ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የፊዚክስ መምህሩ እንኳ ሰምተዋል መሰል ቀና አሉ።

«ይህን ታሪክ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ተነግሮኛል» አሉ ጋሼ፤ «ሁልጊዜ የሚመሰገነው የልጁ ጽናት ነው። ልጁ ባልገባው ቁጥር ያው ዳዊት፣ በያው መንገድ፣ ከያው አለንጋ ጋር ይቀርብለታል። ደጋግሞ መውደቁን እንጂ አንድ ጊዜም ሌላ መንገድ እንዳልተሞከረለት የሚያነሣ የለም። እስቲ ደግሞ በትውፊት እንደምንሰማው ያ ልጅ ራሱ መምህር ሲሆን ያደረገውን ተመልከቱ። ዜማው በጆሮ ይገባል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው በእጅ ነው፤ ሽብሸባው በእግር ነው። አንዱ ባይሆንልህ በሌላው ትገባለህ። በአንድ በር አልገባ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሠራ በሩን አበዛው።»

ጋሼ ይህን የሚሉት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ዓይናቸው የጠፋው በሕፃንነታቸው ሲሆን ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ከቅኔ ቤት በኋላ ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ብዙ ሊወቀስበት የሚችል ነገር አለው፤ አለንጋው አንዱ ነው። አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር። የኔታ ፊት የተቀመጠው ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ገጽ አይገልጥም። አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ዳዊት ይደግማል። የበረታው ታናሹን ያስቀጽላል። ማንም ከማንም ጋር «ከክፍሉ ስንተኛ» ተብሎ አይመዘንም፤ ሲያውቅ ያልፋል። ትምህርቱም በቃል ስለሆነ ማየት የተሳነው ልጅ ከሚያየው ጋር እኩል ተቀምጦ የቅኔ መምህር እስከመሆን ይደርሳል፤ ብዙዎች ደርሰዋል። ይህን ሁሉ ያመሰገኑት ጋሼ ግን «መስማት የተሳነው ልጅስ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ። «ለሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም። መንገዱ ጆሮ ብቻ ነበራ! እኔን ያስገባኝ በር እሱን አስቀረው።»

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ።

አሠልጣኙ ላፕቶፓቸውን እያዩ «እንግዲህ መብራቱ እስኪመጣ...» አሉ፤ ማጠናቀቂያው ግን አልመጣላቸውም። ሥልጠናው ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሊፍቱ ጋር ሳይማከር አይቀርም። ያን ጊዜ የአፀደ ሕፃናት መምህርታችን ልጇን ለስፖርት መምህሩ አሳቅፋ ተነሣች። «ክፍሌ ውስጥ አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ አለችኝ» አለች፤ «ለሷ ብዬ የተማርኩትን ላሳያችሁ።»

በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የፊደል ገበታችን በእጅ ይጻፋል። እያንዳንዱ የፊደል ቤት የራሱ የጣት ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ»ን የያዘች እጅ ሳትለወጥ፣ እንቅስቃሴዋን ብቻ እየቀየረች እስከ «ሎ» ትሄዳለች። መምህርቷ እያሳየችን እኛም እየተከተልናት፣ ሱፍና ከረባት ያደረገው አስተማሪ ሁሉ እጁን በአየር ላይ ሲያወዛውዝ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ለጸሎት የተሰበሰብን ይመስለው ነበር። «ለአንዷ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች፤ «አሁን ግን ክፍሉ ሁሉ በእጁ ነው ፊደል የሚቆጥረው። ‹ሌ› እና ‹ል› የሚምታታባቸው ልጆች እጃቸው ሲለያቸው አፋቸውም ይለያቸዋል።»

ጋሼ ጋ ስትደርስ እጃቸውን በእጇ ይዛ ጣታቸውን አንድ በአንድ ቀረጸችላቸው። እሳቸውም በተራቸው ከቦርሳቸው የብሬይል መጻፊያቸውን አውጥተው አስተማሩን። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ነው የሚነጠበው። እኛ በአንድ ፊደል «ሙ» ብለን የምናልፈውን እሳቸው በሁለት ይጽፉታል። «ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠኝ ስል ለምኜ አይደለም» አሉ፤ «ሒሳብ ነው። ወረቀቴም ጊዜዬም ካንተ ይበልጣል።» የፊዚክስ መምህሩ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት መጥተው ተቀመጡ። አሠልጣኙም ኮታቸውን አውልቀው ከሠልጣኙ ጋር ተቀላቀሉ። መብራት ሲመጣ «ወደ ፕሮግራማችን እንመለስ» ማለታቸው ግን አልቀረም፤ መመለሱ የግድ ነበር፤ ሪፖርት አለባቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በመጨረሻው ቀን «ፖስት ቴስት» ተባለ። ወረቀት ታደለ፤ ለጋሼም እንደኛው ታደለ። «በብሬይል የለም?» ብለው ጠየቁ። «አልተዘጋጀም ጋሼ፤ አጠገብዎ ያለ ሰው ያንብብልዎ» አለች የምታድለው ልጅ። አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ጀመርኩ፦ «ሁሉን ያካተተ ምዘና ሲባል...»

«መነጋገር ክልክል ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ፈታኝ ሆኖ የተመደበ ወጣት ነው፤ የልጅቷን ፈቃድ አልሰማም።

«እያነበብኩላቸው ነው» አልኩት።

«ለምን ራሳቸው አያነቡም?» አለና ወደ ጋሼ አየት አድርጎ ፊቱ ቀላ። ግን አንዴ የወጣ ትእዛዝ ነውና መመለስ ከበደው። «ቢሆንም... ድምፅ ሌላውን ይረብሻል።»

«እሺ፣ በሹክሹክታ ላንብብላቸው።»

«በሹክሹክታማ ኩረጃ ነው!»

ጮክ ካልኩ ረብሻ፣ ዝግ ካልኩ ኩረጃ፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ጋሼ ባዶ ወረቀት ሊያስረክቡ ነው። ይህንኑ ላስረዳው ስሞክር «ተከራከረ» ተባልኩና ወረቀቴ ተነጠቀ፤ በአካቶ ትምህርት ፈተና ላይ ማየት ለተሳነው ባልደረባዬ ጥያቄ አንብበሃል ተብዬ ወጣሁ። እንደ ዕድል ሆኖ አሠልጣኙ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብተው ጋሼን ወደ ጎን ክፍል ወሰዷቸውና በቃል ፈተኗቸው። ጋሼ አንድም አልሳቱም። ለዚህ አሠልጣኙን አከብራቸዋለሁ፤ ስላይዳቸው ላይ ያለውን ነገር ያለ ስላይድ ሠሩት። የእኔ ወረቀት ግን «ዲሲፕሊን» ተጽፎበት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ የምስክር ወረቀት አልተሰጠኝም። ርእሰ መምህራችን «ሁለተኛው ዙር ላይ ትገባለህ» ብሎኛል።

የምስክር ወረቀት ባይኖረኝም ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበርና ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። አንድ አጭር ልቦለድ አነበብን፤ ከዚያ የገጸ ባሕርዩን ባሕርይ አብራሩ አልኩ። የፈለገ ይጽፋል፣ የፈለገ ቆሞ ይናገራል፣ የፈለገ ሥሎ ሥዕሉን ያስረዳል። ማታ ማታ ታክሲ ላይ ረዳት የሚሆን አንድ ተማሪ አለኝ፤ ድርሰት ሲጽፍ ከአንድ ገጽ ግማሹ ሥርዝ ድልዝ ነው። በቃሉ ሲናገር ግን የገጸ ባሕርዩን ስስት፣ ፍርሃት፣ ማስመሰል እየነጠለ አወጣው። መንገደኛን በፊቱ የሚያነብ ልጅ ነው፤ ሰው ማወቅ ሥራው ነው። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

በማግሥቱ የአንዲት ጎበዝ ጸሐፊ ተማሪ እናት መጡ። «መምህር፣ የኔ ልጅ ሁለት ገጽ ጽፋ፣ ያ ልጅ በወሬ እኩል ያመጣል? ይሄ ፍትሕ ነው?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የሚመለሰው የፈተናው ዓላማ ምን ነበር በሚለው ነው። የፈተንኩት ድርሰት መጻፍ ቢሆን ኖሮ ለሱም ለሷም ብዕር እንጂ ሌላ መንገድ የለም፤ መንገዱን ማስፋት ግቡን ማጥፋት ይሆን ነበር። የፈተንኩት ግን ገጸ ባሕርይ መረዳትን ነው። በዚህ ላይ በጽሑፍ ብቻ ብፈትነው የምለካው ማስተዋሉን ሳይሆን ብዕሩን ነው። ድርሰት ሲመጣ ደግሞ እንደ ማንም ይጽፋል፤ እንዲያውም ከሱ ጋር የበለጠ የምንደክመው እዚያ ላይ ነው። እናትየው ሙሉ በሙሉ አልረኩም። «ታዲያ ልጄም መናገር ትለማመድ» ብለው ሄዱ። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ የመምህራንን ፊት አየዋለሁ። «አንተ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ታውቃለህ? በዚህ ደመወዝ? ኮፒ ማድረጊያ በሌለበት?» አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። መመዘኛው በአንድ ክፍል ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ መመዘኛውን የጠበቀ ክፍል ያለው መምህር ዕድለኛ ነው። ግን የነበርንበትንም እንይ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ኩረጃ ሲዘጋ እውነተኛው ውጤት ተገለጠ ተባለ፤ ይሁን። ከ100 ልጅ 97ቱ ሲወድቅ ግን የጋሼን ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው። ሁሉም ልጆች ትሏን እንዲመስሉ መምከር ይቻላል። ጌዴዎንን የሚመክር ግን ማን ነው?

መንገድ ማብዛት ለአገራችን አዲስም አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከልጃቸው ጋር ሲታገሉም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ ቀመሩ። ልጁ ዘዴውን እንዲመስል አልጠበቁም፤ ዘዴውን ለልጁ ሠሩት። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ጠበቃ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም የታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ሻሸመኔ ላይ ያ በር ባይከፈት ኖሮ ሽልማቱ ቀርቶ ስሟንም አናውቀው ነበር። በር ያልተከፈተላቸውን ስማቸውን አናውቅም።

ስለዚህ መምህር የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ በጀት እስኪለቀቅ፣ ሊፍት እስኪጠገን፣ ሥልጠና እስክትጠሩ አትጠብቁ። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ማየት የሚያስቸግረው ልጅ ይሰማዋል። ስትናገሩ ፊታችሁን ወደ ተማሪው አዙሩ፤ መስማት የሚያስቸግረው ከንፈራችሁን ያነባል። በአማርኛ አፉን ያልፈታ ልጅ መልሱን መጀመሪያ በቋንቋው ከጓደኛው ጋር ይምከርበት። ጥያቄ ስትጠይቁ ትንሽ ጠብቁ፤ ፕላዝማ አትሁኑ። ከምትሰጡት ፈተና ቢያንስ አንዱን በሁለት መንገድ የሚመለስ አድርጉት። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ወላጆችም የልጃችሁ ውጤት ሲያሽቆለቁል ልጁን ከመቅጣታችሁ በፊት ትምህርት ቤት ሂዱና «በስንት መንገድ ነው ያስተማራችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በአንድ» ከሆነ የወደቀው ልጃችሁ ብቻ አይደለም።